ሥራሽን ያየ ሰው ይዘሽ ነይ

እትዬ ዘሐራ ያረፉ ዕለት፣ ደሴ ሰኞ ገበያ ባለው በወንድማቸው የጨርቅ ሱቅ ደጃፍ ላይ የተሰበሰበውን ሰው አይቶ አንድ መንገደኛ «የሞተው የትኛው ባለሀብት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ባለሀብት አይደሉም አልኩት። «ባለሥልጣን ነበሩ?» አለኝ። እሱንም አልነበሩም። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው ምናቸው ነው?» ሲለኝ ግን መልሱ በአጭሩ የሚያልቅ አልነበረም። ከቆሙት ብዙዎቹ ሥራቸውን አቋርጠው ከኮምቦልቻ የመጡ ናቸው፤ የፋብሪካ ቱታውን ሳያወልቅ የመጣ አለ፣ መታወቂያዋ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ ነርስ አለች፣ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ አስተማሪ አለ። ዘመዶቻቸው አይደሉም። እርስ በርሳቸውም አይተዋወቁም። የሚያገናኛቸው አንድ ነገር፣ ሁሉም በየጊዜያቸው ያቺ ሱቅ ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጠው የሥራ ማመልከቻቸውን ለእትዬ ዘሐራ ሰጥተው ላብ ያጠመቃቸው መሆኑ ነው።

ያን ሁሉ ላብ እኔ አይቻለሁ። ሰይድ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ የተተከለችው በዚያው ሱቅ በረንዳ ላይ ነው፤ ሰው ከውስጥ ጨርቅ ይገዛል፣ እኔ ጋ ያሰፋል። እግሬ ፔዳል ይረግጣል እንጂ ጆሮዬ ሥራ አልነበረውም፤ ስለዚህ ከእትዬ ዘሐራ አፍ የወጣ ነገር ብዙም አያመልጠኝም ነበር።

እትዬ ዘሐራ የደሴ ነጋዴ ልጅ ናቸው። አያታቸው ከየመን ባሕር ተሻግሮ፣ በአሰብ በኩል ጨርቅ ይዞ የመጣ ሰው ነበር ይባላል፤ የደሴን ብርድ ለምዶ እዚሁ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ ከጨርቅ ወጥቶ አያውቅም፤ ከእሳቸው በቀር። እሳቸው የሐረጎን ተራራ ቁልቁል ወርደው ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ በሠራተኛ አስተዳደር ቢሮ ተቀጠሩ። አባታቸው «የገዛ ሱቅሽ እያለ ለሰው ልትቀጠሪ?» ብለው ሲቆጡ «ሱቁማ የእርስዎ ነው አባባ፤ የእኔ የሚሆነው ሥራው ነው» አሏቸው አሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጠዋት ደሴ ላይ ወፍራም ሻላቸውን ተከናንበው ይሳፈራሉ፣ ኮምቦልቻ ሲደርሱ ሙቀቱ ያስወልቃቸዋል፣ ማታ ደግሞ መልሰው ይከናነባሉ። በዚያ ቢሮ ዋና ሥራቸው ለቅጥር የሚመጣውን ማመልከቻ ማንበብና መለየት ነበር።

ጡረታ ሲወጡ ቤት መቀመጥ አልሆነላቸውም፤ የወንድማቸው ሱቅ ጥግ ላይ ጨርቅ እያጣጠፉ መዋል ጀመሩ። አንድ ቀን ጨርቅ ሊገዛ የመጣ ሰውዬ የልጁን ማመልከቻ ከኪሱ አውጥቶ «እትዬ፣ እርስዎ ያውቁታልና እስቲ ይዩልኝ» አላቸው። መነጽራቸውን ከሻሻቸው ላይ አውርደው አነበቡና ወዲያው አጥፈው መለሱለት።

«አልጨረሱትም እኮ» አለ ሰውየው።

«እኔ ቢሮ እያለሁ ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ሻይ ይመጣ ነበር። ሻዬን ጠጥቼ ወደዚህ ደብዳቤ አልመለስም። ልጁን ራሱን ላከው።»

ልጁ መጣ። ቀጥሎ የልጁ ጓደኛ መጣ። ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ ጨርቅ ከሚገዛው ማመልከቻ የያዘው በለጠ፤ ወንድማቸው ሐጂ ዑመርም «ዘሐራ፣ ሱቄን ቀበሌ አደረግሽው» እያሉ ይስቁ ነበር።

አፋቸው ለዘብ ያለ አልነበረም። አንዱ ወጣት በጣም የተዋበ ደብዳቤ ይዞ መጣ፤ ቃሉ የሚያብረቀርቅ፣ ከዳር እስከ ዳር እንከን የሌለበት። አነበቡትና ቀና ብለው «ማን ጻፈልህ?» አሉት። «በስልኬ ነው ያጻፍኩት» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ጎበዝ ስልክ ነው፤ እሱን ይቅጠሩት» ብለው መለሱለት። «ታታሪ፣ ታማኝ፣ ከሰው ጋር ተግባብቶ መሥራት የሚችል» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ደግሞ «ይሄን ልጅ አውቀዋለሁ፤ ትናንትም መጥቶ ነበር፤ በየቀኑ ስሙን እየቀያየረ ይመጣል» ይሉ ነበር።

ከሁሉ የባሰ የሚያናድዳቸው ግን የልመና ደብዳቤ ነው። የእኛ ሰው ሥራ ሲጠይቅ ይለምናል። አባቴ ሞቷል፣ ቤተሰቤ ችግረኛ ነው፣ ታናናሾቼን የማስተዳድር እኔ ነኝ፣ ስለዚህ በትሕትና እማጸናለሁ ይላል። አንድ ምሕንድስና የተመረቀ የገራዶ ገጠር ልጅ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ሲሰጣቸው እስከ ዛሬ የማልረሳውን ጥያቄ ጠየቁት።

«አግብተሃል?»

«ኧረ አላገባሁም እትዬ።»

«ልታገባ ስታስብ ለልጅቷ ቤተሰብ ማንን ትልካለህ?»

«ሽማግሌ።»

«ሽማግሌው ገብቶ፣ ‹ልጃችን ምስኪን ነው፣ ምንም የለውም፣ ስለ አላህ ብላችሁ ልጃችሁን ስጡት› ቢል ይሰጡሃል?»

ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔም መኪናዬን አቆምኩ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «አይሰጡኝም» አለ።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። አንተ ግን ሌላ ሰው እስኪነቀንቀው አልጠበቅክም፤ አጥርህን ራስህ ነቀነቅከው። ስማኝ የኔ ልጅ። ደብዳቤ ሽማግሌ ማለት ነው። አንተ በሌለህበት ቤት ገብቶ ስለ አንተ ይናገራል። ደግ ሽማግሌ አያንዛዛም። አይዋሽም። የተላከበትን ቤት አጣርቶ ይገባል። ልጃችን ይሄን ያውቃል፣ ይሄን ሠርቷል፣ ለናንተ ቤት በዚህ በዚህ ይጠቅማል ብሎ ተናግሮ ቀጠሮ ይዞ ይወጣል። አለቀ።»

ልጁም «ግን እትዬ፣ ሰው እንዴት ራሱን ያመሰግናል? ነውር አይደለም ወይ?» አላቸው።

«ነውር ነው እንጂ!» አሉ። ልጁም እኔም ግራ ገባን። «ነውር ስለሆነ ነው ሽማግሌ የሚላከው። በል ሂድና ሥራህን ያየ ሰው ይዘህ ና።»

ይህ የእሳቸው ሥርዓት ነበር። ማንም ሰው ስለ ራሱ እንዲጽፍ አይፈቅዱም፤ መጀመሪያ ሥራውን ያየ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ስለ እሱ ይናገራል፣ እሱ አፉን ዘግቶ ይሰማል፣ ከዚያ የሰማውን በራሱ እጅ ይጽፈዋል። የገራዶው ልጅ አጎቱን ይዞ መጣ። አጎትየው ጋቢያቸውን አስተካክለው «ወላሂ ይሄ ልጅ ገና ተማሪ እያለ ነው፣ የምንጫችን ውሃ ቧንቧ እየተሰበረ ሲያስቸግረን መስመሩን በሌላ በኩል ያዞረልን። ይኸው እስከ ዛሬ አልተሰበረም» አሉ። ልጁ ያንን ነገር ከቁም ነገር ቆጥሮት አያውቅም ነበር። እትዬ ዘሐራ «የመጀመሪያው መስመር ይሄ ነው፤ ሻይ ቢመጣም አይቋረጥም» አሉት። አሁን ኮምቦልቻ ነው የሚሠራው። እትዬ ያረፉ ዕለት በቱታ ቆመው ካየኋቸው አንዱ እሱ ነው።

ሁለተኛው ሥርዓታቸው የሚላክበትን ቤት ማጣራት ነው። ወደማያውቀው ፋብሪካ ደብዳቤ የሚያስገባ ሰው ሲያዩ «ሽማግሌ የሰው በር ተሳስቶ ይገባል?» ይላሉ። ኮምቦልቻ ውረዱ፣ የፈረቃ መለወጫ ሰዓት በሩ ላይ ቁሙ፣ የሚወጣውን ሠራተኛ ሻይ ጋብዛችሁ ምን እንደሚያስቸግራቸው ጠይቁ ብለው ይልካሉ።

አንድ ቀን ዝናብ ዘንቦ ገበያው ጭር ሲል «እትዬ፣ ለምን ይደክማሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ጨርቁን ማጠፍ አላቆሙም። «ሰይዶ፣ ስንቱን ደህና ሠራተኛ ደብዳቤው ለማኝ ስለሆነ ብቻ መለስኩት። ያን ጊዜ ደብዳቤውን አየሁ እንጂ ሰውየውን አላየሁም። አሁን እያየሁ ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ይህን ጥያቄ አንስቼባቸው አላውቅም።

እህቴ ሰዓዳ ከዓረብ አገር የተመለሰች ጊዜ እትዬ ዘሐራን ከቀድሞው ይበልጥ ቀርቤ አወቅኳቸው። ሰዓዳ ጅዳ ስምንት ዓመት የሰው ቤት ሠርታለች። ስትሄድ ገና የምትድኸውን ልጇን ለእናታችን ትታ ነበር፤ ስትመለስ ልጅቱ ትምህርት ቤት ገብታ ጠበቀቻት። መጀመሪያ «ሰዓዳ» እያለች በስሟ ነበር የምትጠራት፤ «እማ» ለማለት ብዙ ወራት ፈጀባት። ደላላው ግን አልተወንም፤ ሌላ ቤት ተገኝቷል፣ ቶሎ ወስኚ እያለ ይደውላል። ሰዓዳም ሥራ ፈልጋ ስታጣ ልቧ ወደዚያው እያዘነበለ መጣ። ያንን ሳይ እንቅልፍ አጣሁ፤ አሁን ከሄደች ልጅቷ ሁለተኛ «እማ» እንደማትላት ታውቆኛል።

በዚህ መሐል ኮምቦልቻ አንድ የምግብ ፋብሪካ የመጋዘን ረዳት እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ወጣ። ሰዓዳ አሥረኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ ትችላለች። ደብዳቤ ጽፋ ሱቅ መጣች። እትዬ ዘሐራ አነበቡ።

«አንቺ ልጅ፣ ትምህርት ጨረስኩ ትይና ዘለሽ ዛሬ ላይ ትወርጃለሽ። እነዚህ ስምንት ዓመታት የት ሄዱ?»

ሰዓዳ ወደ እኔ አየች። እኔ መለስኩላት፤ ዓረብ አገር ነበረች እትዬ አልኩ።

«አንተን አልጠየቅኩም፤ ስፋ» አሉኝ። ሰፋሁ።

«የሰው ቤት ነው የሠራሁት እትዬ» አለች ሰዓዳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እሱ ምኑ ይጻፋል? ደግሞ እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ ሆስፒታል ነው የምትሠራው ስትል ነው የኖረችው። ይሄን ብጽፍ በእፍረት ትሞትብኛለች።»

«የሠራሽው ሐላል ነው ሐራም?»

«ሐላል ነው እንጂ እትዬ!»

«እንግዲያው ምን ያስደብቅሻል? ሐላሉን የሚደብቅ ሰው ሐራም የሠራ ይመስላል። አብሽሪ፣ አይዞሽ። ሥራሽን ያየ ሰው ይዘሽ ነይ።»

«ማን አየልኝ እዚህ? ያየኝ ሰው ሁሉ ያለው ጅዳ ነው።»

እትዬ ዘሐራ እጃቸውን ዘረጉ። «ስልኩን ስጪኝ» አሉ።

ሰዓዳ ደነገጠች። የቀጣሪዋ ቁጥር አሁንም ስልኳ ውስጥ አለ፤ ለዒድ መልካም ምኞት ከመላላክ በቀር ግን ተነጋግረው አያውቁም። እትዬ ዘሐራ ደወሉ። ከአባታቸው የተማሩትን ዓረብኛ ለቁርአንና ለንግድ ብቻ የሚያውቁት ይመስለኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን እንደ ጎረቤት ሴት ሲያወሩበት ሰማሁ። ሰላምታው ረዘመ፣ ጤና ተጠየቀ፣ ቤተሰብ ተጠየቀ። ከዚያ የሴትየዋ ድምፅ በስልኩ ሱቁን ሞላው። እትዬ ዘሐራ በየመሐሉ ስልኩን ከጆሯቸው ራቅ እያደረጉ ይተረጉሙልናል።

«የጓዳውን ቁልፍ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም፤ ለእሷ ግን ሰጠኋት፣ ትላለች። በረመዳን ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ እንኳ የጎደለ ወይም የተበላሸ ነገር አይቼ አላውቅም፣ ትላለች። ሁልጊዜ የቆየውን ዕቃ ወደ ፊት፣ አዲሱን ወደ ኋላ ታደርግ ነበር፤ እኛ እንኳ ከእሷ ነው የተማርነው፣ ትላለች። የታመመ አባታችንን መድኃኒት በየሰዓቱ የምትሰጥ እሷ ነበረች፤ እኛ ልጆቹ ስንረሳ እሷ ረስታ አታውቅም፣ ትላለች።»

ሰዓዳ ማልቀስ ጀመረች። ስልኩ ተዘግቶም አላቆመችም። «አንድ ቀን እንኳ ለእኔ ይሄን ብላኝ አታውቅም» አለች። «ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ።»

እትዬ ዘሐራም ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ግን ጊዜ አልሰጧትም። «አሁን ሰማሽ። ነገ ኮምቦልቻ ወርደሽ በሩ ላይ ቁሚ። ከዚያ መጥተሽ ጻፊ።»

ሰዓዳ ወረደች፤ ከመጋዘኑ ጫኝና አውራጆች ጋር ተቀምጣ ሻይ ጠጣች። ዱቄትና ዘይቱ እየተደራረበ የቆየው ከአዲሱ ጀርባ ይቀርና ጊዜው ያልፍበታል፣ ኋላ የሚወቀሱት እኛ ነን ብለው ነገሯት። ስትመለስ የጻፈችውን ደብዳቤ እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ።

«ጅዳ ከተማ በአንድ ትልቅ ቤተሰብ ቤት ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። የጓዳው ቁልፍ በእጄ ነበር። የታማሚው አዛውንት መድኃኒት ሰዓቱ አልፎ አያውቅም፤ የምግብ ዕቃውም ጊዜው አልፎበት ተጥሎ አያውቅም፤ የቆየውን ከፊት፣ አዲሱን ከኋላ አስቀምጥ ነበር። በመጋዘናችሁ የቆየ ዕቃ ከአዲሱ ጀርባ እየቀረ እንደሚያስቸግራችሁ ሰምቻለሁ። ይህ የየቀን ሥራዬ ነበር። ብትጠሩኝ መጥቼ ላሳያችሁ እችላለሁ።»

እትዬ ዘሐራ አነበቡት። ሦስተኛውን መስመር አለፉ፣ እስከ መጨረሻው ሄዱ። «ይሄ ሽማግሌ ነው» አሉ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለው ትዝ አለኝ፤ የሰዓዳ አነጋገር ያን ቀን የሚያስፈርድላት ነበር።

ቤት ውስጥ ግን ነገር ተበላሸ። ሰዓዳ ደብዳቤውን ከማስገባቷ በፊት ለእናታችን አነበበችላት። እናታችን እስከ መጨረሻው ሰማች፤ ከዚያ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ለጎረቤት ምን ልላቸው ነው ብላ ከሰዓዳ ጋር ተኮራረፈች። ሰዓዳ ግን አንድ ቃል ሳትቀይር አስገባችው። እናታችን ብታኮርፍም ልቧ አልቻለም፤ እኔን ጠርታ «እኚያ ሴትዮ ኮምቦልቻ የማያውቁት ሰው የለም፤ አንድ ቦታ ይደውሉልን በላቸው» አለችኝ። ነገርኳቸው።

«አልደውልም» አሉኝ እትዬ ዘሐራ። «ደውዬ ካስገባኋት ሥራው የእኔ ሥራ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ በሰው ቤት ስትሠራ ኖራለች፤ ይሄ እንኳ የራሷ ይሁን።» ተከፋሁ፤ ያን ጊዜ ግትር ናቸው ብያለሁ። ዛሬ ሳስበው ግን በዚያ ቃላቸው እኮራለሁ።

ሰዓዳ ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። ከጠያቂዎቹ አንዱ «የሰው ቤት መሥራትሽን ለምን ጻፍሽው? ሌሎቹ ይደብቁታል እኮ» አላት። እሷም «ከደበቅኩት ዕቃ መጠበቅ የት ተማርሽ ስትሉኝ ምን ልላችሁ?» አለች። ሰውየው ሳቀና ተነስቶ መጋዘኑ ውስጥ ወሰዳት፤ ምን ታያለሽ አላት። ሰዓዳ በመደዳ የተደረደረውን ከረጢት እያየች የቱ መውጣት እንዳለበት፣ የቱ ወደ ኋላ መሄድ እንዳለበት በእጇ እያሳየች ነገረችው። ከጥቂት ቀን በኋላ ተደወለላት። ደላላውም ሲደውል ስልኩን ያነሳችው እናታችን ነበረች፤ «ልጄ የለችም፤ ሥራ ገብታለች» ብላ ዘጋችበት።

በዚያ ሳምንት ዒድ ሊደርስ ሆኖ ሱቁ ጢም ብሎ ነበር፤ ጨርቅ የሚያስቆርጥ፣ ልኬት የሚያስወስድ፣ እኔም ቀና ማለት አቅቶኛል። ድንገት እናታችን አንድ ማሰሮ ቅቤ ይዛ ገባች። እትዬ ዘሐራ ዘንድ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። ቅቤውን አስቀምጣ ልትመርቃቸው እጇን ስትዘረጋ እትዬ ዘሐራ ተነስተው እጇን ያዙት።

«ቅቤውን ለልጅ ልጅዎ ይውሰዱት የሰዓዳ እናት» አሉ። «እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። እስቲ ይንገሩኝ፤ ልጅዎ ዓረብ አገር ምን ትሠራ ነበር?»

እናታችን ዞር ዞር ብላ አየች። ከገዢዎቹ ሁለቱ የሰፈራችን ሴቶች ነበሩ፤ ሆስፒታል እያለች ስትነግራቸው የኖረችው ለእነሱ ነው። እግሬን ከፔዳሉ ላይ አነሳሁ። አሁን ተነስታ የምትወጣ መሰለኝ።

እናታችን ነጠላዋን ከአፏ ላይ ገለጥ አደረገች።

«የሰው ቤት ትሠራ ነበር» አለች፤ ድምፅዋ መጀመሪያ ተንቀጥቅጦ ኋላ ጠነከረ። «የታመመ ሰው ታስታምም ነበር። የቤቱ ቁልፍ በእሷ እጅ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ንብረት ጠብቃ፣ እጇ ንጹሕ ሆኖ ነው የመጣችልኝ። የእኔ ልጅ ናት!»